በጥር ችግኝ አስተክሎ «አስተምሬያለሁ» ማለት

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ለወላጆች ደብዳቤ ላከ። አንዲት መምህርት ለ7ኛ ክፍል ያዘጋጀችው የስድስት ክፍለ ጊዜ የአየር ንብረት ለውጥ ትምህርት ቀርቷል። በምትኩ አንድ ቅዳሜ ችግኝ ይተከላል፤ የፖስተር ውድድርም ይደረጋል፤ አሸናፊውም ይሸለማል። ቅዳሜዋ የምትውለው በጥር ነው። አዎ፣ በጥር! ችግኙን እስከ ክረምት ማን እንደሚያጠጣው ደብዳቤው አይልም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከተማዋ በ2027 (በእኛ 2020 ዓ.ም.) የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ ኮፕ 32ን ልታስተናግድ ሽር ጉድ በምትልበት ሰዓት ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ልጆቻችን መንገድ ዳር ቆመው ባንዲራ ያውለበልቡ ይሆናል። በልግ ለምን እንደሚያስቸግር ግን እንዳትጠይቋቸው።

ወላጆች ምክንያቱን ሲጠይቁ ከአስተዳደሩ የተሰጠው መልስ ከውሳኔው ይብሳል። «አየሩን ያበላሹት ያደጉት አገሮች ናቸው፤ የእኛ ልጆች ምን አጥፍተው ነው ይህን የሚማሩት?» ተባለ። ትምህርት ከመቼ ወዲህ ነው የጥፋት ቅጣት የሆነው? የወባ ትንኝን ልጆቻችን አልፈጠሯትም፤ ስለ ወባ ግን እናስተምራለን። ደግሞ ሞቅ ባለ ዓመት ወባ ወደ ከፍታ ቦታ እንደምትወጣ ቢሾፍቱ አካባቢ በተሰበሰበ መረጃ ጭምር ታይቷል። አፍሪካ በዓለም የካርቦን ልቀት ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ መሆኑ እውነት ነው። ታዲያ ልጁ ይህን ቁጥር ከየት ይስማው? ካልተማረ እኮ «ጥፋቱ የእኛ አይደለም» ብሎ መከራከርም አይችልም። ቦረና ላይ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ሲከሽፍ፣ ድርቁ አርብቶ አደሩን «አንተ ምን አጥፍተሃል?» ብሎ አልጠየቀውም። ከብቱን ጨረሰበት።

የፖስተር ውድድሩን ውጤት ደግሞ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በረዶ ላይ የቆመ ነጭ ድብ፣ የምታለቅስ ምድር፣ ከላይ የተቀደደ ኦዞን። ሦስቱም ከኢንተርኔት የተገለበጡ ይሆናሉ። ኦዞኑን የጎዳው በዋናነት የማቀዝቀዣና የስፕሬይ ኬሚካል ነው፤ ከ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ወዲህም እያገገመ ነው። ምድርን የሚያሞቀው ሌላ ጉዳይ ነው። ዋናው ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 ያህል እጅ የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህን አንድ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያስረዳዋል። ፖስተር ግን ስህተቱን በከለር አሳምሮ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

እሺ፣ ሰዓት ጠባብ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ስድስት ክፍለ ጊዜ ካለ መነሻው ድብ ሳይሆን ዝናብ ይሁን። ልጁ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላን ያውቃል። በልግና ክረምትንም ያውቃል። ዋናው ዝናብ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ መጋቢት መጨረሻ ይምጣ፤ አዲስ አበባ የበልግ ዝናብ የምታይበት ጊዜ ነው። የዝናብ መለኪያ እንዲሆን ባዶ ሃይላንድ አንገቱ ይቆረጥ፤ የተቆረጠው ተገልብጦ መልሶ ይግባበት። የሃይላንድ ግርጌ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ይጨመርበትና ዜሮው ከዚያ ይጀምር። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ይለጠፍ። ልጆቹ በየጠዋቱ ሚሊ ሜትሩን ይጻፉ። ካልዘነበስ? ዜሮ ይጻፉ! ዜሮም መረጃ ነው።

ከዚያ ልጁ ቤቱ ሄዶ አያቱን ይጠይቅ። የወሎ ወይም የሰሜን ሸዋ ሰው ከሆኑ ይበልጥ ጥሩ፤ እዚያ በበልግ የሚያርስ ብዙ ነው። «እማማ፣ ድሮ በልግ መቼ ይገባ ነበር? ምን ይዘራበት ነበር? መቼ ነው የተበላሸው?» መልሱን እንዳሉት ይጻፈው። ከዚያ መምህሯ ከኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የተገኘ የአሥርተ ዓመታት የዝናብና የሙቀት መዝገብ ታምጣ። እኔን የሚያጓጓኝ ይህች ቀን ናት። ምክንያቱም አያትና መዝገቡ ሁልጊዜ አይስማሙም። አያት የሚያስታውሱት ክፉውን ዓመት ነው፤ 77ን ያስታውሳሉ። መዝገቡ ደግሞ የአገራችን ሙቀት እየጨመረ መምጣቱን በግልጽ ያሳያል፤ ዝናቡ ላይ ግን ዥንጉርጉር ነው፣ ቦታ ለቦታ ይለያያል። ጠቅላላው መጠን ያልቀነሰበት አካባቢ እንኳ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ በአንዴ ቢወርድ ገበሬው ከስሯል። ታዲያ ማን ነው ትክክል? አያት ወይስ መዝገቡ? ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት መንገድ አለ፤ ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው ይድረሱበት። የዚህን ክርክር ግማሽ እንኳ የሚያስተምር ፖስተር ካለ አሳዩኝ።

መምህሯ አንድ ነገር አጥብቃ መናገር አለባት፤ የሁለት ሳምንት ሃይላንድ የአየር ንብረት ለውጥን አያሳይም። የአየር ንብረት የሚለካው በ30 ዓመት አማካይ ነው። ሃይላንዱ የሚያስተምረው መለካትን ነው። የለካ ልጅ ዘንድሮ ስለበረደው ብቻ «ሙቀት ጨመረ የሚሉት ውሸት ነው» አይልም። አንድ ወንዝ በሞላ ቁጥርም «አየር ንብረት ነው» አይልም።

ይህ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። አሁን አሁን ቱቦ ተደፍኖ መንገድ በጎርፍ ሲዋጥም ሰበቡ የአየር ንብረት ለውጥ ሆኗል። የሐረማያ ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ሲደርቅ ለመስኖና ለከተማ ውሃ ያለ ልክ ሲሳብ፣ አፈርም እየታጠበ ሲሞላው ነበር። የአየሩ ድርሻ ስንት ነው፣ የፓምፑስ? ለ7ኛ ክፍል የሚመጥን ጥያቄ ነው። አንዳንድ ኃላፊዎቻችንም ቁጭ ብለው ቢማሩት አይጎዳቸውም።

የቀረችው የመጨረሻ መከራከሪያ «ፈተና ላይ አይመጣም» የምትለዋ ናት። ለፈተና ብቻ ስናስጠና ኖረን የት ደረስን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። ግራፍ ማንበብ የማይችል ልጅ የሂሳቡንም የጂኦግራፊውንም ጥያቄ እኩል ይስታል። ዝናብ ለክቶ በገዛ ቁጥሩ ግራፍ የሠራ ልጅ ግን ሌላ ግራፍ ሲያይ አይደናገጥም። ስለዚህ ጉዳዩ ፈተና ላይም ይመጣል፤ ስሙን ቀይሮ ነው እንጂ።

«በጀት የለም» የሚል መልስ ብቻ እንዳይመጣ። የሚያስፈልገው ባዶ ሃይላንድ፣ ማስመሪያ፣ ደብተርና ለሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ነው። ለፖስተር ሽልማት የተመደበው ብር ራሱ ተርፎ ይመለሳል።