ማስተካከያ፦ የተዘጋው ዩኤስኤይድ እንጂ ፔፕፋር አይደለም

ሰሞኑን በድሬዳዋ፣ ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ «አሜሪካ ፔፕፋርን ስለዘጋች የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቀረ» የሚል ወሬ እየተናፈሰ ነው። ሁለት ነገር ተምታቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሥራው ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተዛወረው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ፔፕፋር ግን ኤች አይ ቪን ለመከላከልና ለማከም የሚውል ሌላ የአሜሪካ ፕሮግራም ነው፤ የትራምፕ አስተዳደር 400 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስበት ቢጠይቅም፣ የራሱ ፓርቲ ሴናተሮች ጭምር ስለተቃወሙ ጥያቄው በዚያው ወር ከወጪ ቅነሳው ረቂቅ ሕግ ተሰርዟል። ጉዳት የለም ማለት ግን አይደለም፤ በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ባለሙያዎች በአገራችን ከሥራ ተሰናብተዋል፣ ይህ በጣም ያሳዝናል።

ወሬውን ሰምቶ «እንዳያልቅብኝ» ብሎ ኪኒኑን ለሁለት እየከፈለ የሚውጥ ሰው ካለ እባካችሁ አስቁሙት። መጠኑ ሲጓደል ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመዳል። ሐሳብ የገባው ሰው ከሚከታተልበት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።