ቾኩ ተቆልፎበታል፣ ጎማው ደጅ ነው

የቀረ መምህር የቁምሳጥኑን ቁልፍ ይዞ የሚቀረው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ። ቾኩ ውስጥ ነው። ዳስተሩም፣ የልጆቹ መጻሕፍትም፣ የስም መጥሪያውም ውስጥ ናቸው። ቁልፉ ግን መምህሩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ወይ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይጠብቃል፣ ወይ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ይቆረጥማል።

ሰሞኑን የቀረ መምህር ተክቼ 2ኛ ክፍል «ሐ»ን እንድሸፍን ተልኬ ስገባ ይኸው ቁምሳጥን ጥርሱን ገጥሞ ጠበቀኝ። አናቱ ላይ ግን አንድ ነገር ተጋድሟል፤ ጎማ። ክንድ የሚያህል የውሃ ጎማ ቁራጭ ነው፤ እጅ እንዳያሟልጭ ይመስለኛል መያዣው ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ቾክ የሚሰረቅ ንብረት ስለሆነ ይቆለፍበታል፣ ጎማ ግን ለመጪው ሁሉ ክፍት ነው። ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ብሎ ጽፏል። ጎማው ይህን ሁሉ ዘመን አልሰማም። ፕላስተሩ ደግሞ አዲስ ነው።

እንግዲህ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ነገ ተራው ለሚደርሳችሁ የሥራ ባልደረቦቼ ጥቂት ምክር ልወርውር። አንደኛ፣ ቾክ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ በወረቀት ጠቅልሉት፤ አለበለዚያ የኮታችሁ ኪስ ነጭ ሆኖ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ይውላሉ። ሁለተኛ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ያን ጎማ ከዓይን ሰውሩት። እሱ እዚያ እስካለ ድረስ ልጁ የሚያየው እሱን ነው፣ እናንተን አይደለም።

ባሕር ማዶ፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ የቀረ መምህርን ለመተካት ብቻ የሚጠራና በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው አለ። ሥራው ያ ነው። እኛ ጋ ግን ተተኪ ማለት በዚያች ሰዓት ክፍለ ጊዜ የሌለውና መምህራን ማረፊያ ውስጥ በግልጽ የታየ ሰው ነው። ጥፋቱ መታየቱ ነው። ሻይ ይዞ ደብተር እያረመ ተቀምጧል፤ ዩኒት ሊደሯ በሩ ላይ ትቆምና ዓይኗን ታዞራለች። ያኔ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የሚፈጠረው የሥራ ብዛት አይጣል ነው! አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሀሎ» ይላል፤ አንዷ ሰማንያ ደብተር በአንድ ጊዜ ትታቀፋለች። የስፖርት መምህሩን ግን አታገኙትም። በሜዳው በኩል አልፎ የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም፤ እኔም ይህን ቂም ጡረታ እስክወጣ ይዤው ነው የምቆየው።

«ጋሼ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ናት፤ እንዳይጮኹ ብቻ ይዩልኝ» ትላለች። የሥራ መዘርዝሩ ይኼው ነው። ፊደል ይቁጠሩ፣ አይቁጠሩ አይመለከትም። ድምፃቸው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ካልደረሰ ሥራው ተሠርቷል።

ልጆቹ ደግሞ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ገና ቦርሳችሁን ሳታስቀምጡ ችሎት ተሰይሟል። «ቲቸር፣ አሁን ስፖርት ነው!» ይላል አንዱ። «ቲቸር፣ እኛ አሁን የምንወጣው ነን!» ትላለች ሌላዋ። ገጽ ስንት ላይ ደርሳችኋል ብላችሁ ስትጠይቁ ከግራ «12!» ከቀኝ «40!» ከኋላ ወንበር «ጨርሰናል!» የሚል ይመጣል። ስም ስትጠይቁ የጓደኛውን ስም የሚሰጣችሁ አለ፤ ያ ጓደኛ ደግሞ የእሱን ስም ይሰጣችኋል፤ ክፍሉ በሙሉ ምስጢሩን ጠብቆ ትንፋሹን ይውጣል። እንዲህ ያለ ኅብረት እኛ ትልልቆቹ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቢኖረን የት በደረስን።

ሽንት ቤትን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። አንዱን «ሂድ» ካላችሁት በዚያው ቅጽበት የስምንት ልጆች ፊኛ ይሞላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሆነ ዕቃ፣ እንጨትም ይሁን ማስመሪያ፣ የመውጫ ምልክት አድርጉት፤ ያን የያዘ ብቻ ይወጣል፤ ሲመለስ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ግን ማልቀስ የጀመረችውን ልጅ ያለ ምልክት ልቀቋት። ሕግ አስከብራለሁ ብሎ የሰው ልጅ ክፍል ውስጥ የሚያዋርድ መምህር አይቻለሁ፤ እሱን ነበር ውጭ ማስቆም።

አሁን ወደ አለቃው እንምጣ። ተተኪ መምህር ሲገባ የክፍል አለቃ የሚባለው ሹም ፊቱ ያበራል። ቾክ ካገኘ ሰሌዳው ጥግ ላይ «የረባሾች ስም» ብሎ ያሰምርበታል፤ ሥራ አቀለለልን ብለን ደግሞ እናመሰግነዋለን። እባካችሁ ይህን ሹመት አትፍቀዱ! እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ አለቃችን «ደስታ» የሚባለውን ከረሜላ ለሰጠው በእጅጌው ጠርጎ ስሙን ያጠፋ ነበር፤ ከረሜላ የሌለው ሦስት ጊዜ ኤክስ ይጨመርበታል። እርሳስ በመቅረጫው ጭምር የወሰደብኝ ጊዜ አለ። ከዚያ ስሜን ያጠፋ መሰላችሁ? ቀድሞ የከፈለው ልጅ ስም የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ስላስጠላው፣ እሱ ላይ ደግሞ በትልቁ ጻፈኝ። ደረሰኝ የለ፣ ይግባኝ የለ። ዛሬ ሰው መሥሪያ ቤት ሄዶ «ፋይልህ ጠፍቷል» ሲባል ይገርመዋል፤ እኔ አይገርመኝም፤ ያን ልጅ አውቀዋለሁና። ስለ ሙስና በየአዳራሹ ጥናት ከማቅረብ በየሁለተኛ ክፍሉ ገብቶ ያን ዝርዝር ማጥፋት ይቀድም ነበር። ልጁን እናሠለጥነዋለን፣ እናስለምደዋለን፣ ከዚያ አድጎ ወንበር ሲይዝ ከየት የመጣ አመል ነው እንላለን።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ተተኪ መምህር።

የምወደው አንድ ተረት አለ፤ ሰበብ ካገኘሁ ሠርግ ቤትም እተርተዋለሁ። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።» አሞሌ ያ ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋ እየወጣ፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መግቢያ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲገበዩበት የኖሩት ጨው ነው። ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ነበር። (መምህር በተቃራኒው ነው፤ ከትምህርት ሚኒስቴር በራቀ ቁጥር ይረክሳል።) ዞሮ ዞሮ ግን ጨው ነውና እርጥበት ያሟሟዋል፣ ጫፉ ይሸረፋል። ባለቤቱ ራሱ እየሸረፈ ወጥ ውስጥ ሲጨምር ከርሞ ያመጣውን ማን ሙሉ ነው ብሎ ይቆጥርለታል?

ዩኒት ሊደሯ እኔን ክፍል ስታስገባ ያለችውን ልንገራችሁ። «ልጆች፣ መምህራችሁ ዛሬ ስለሌሉ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እሳቸው ይጠብቋችኋል።» ይኸው ነው። ስሜን አልተናገረችም፣ ምን እንደማስተምር አልተናገረችም። ሃምሳ ልጅ ፊት ዘበኛ አድርጋ አስረክባኝ ሄደች። ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? ባለቤቱ ያቀለለውን እሱ ያክብደው?

አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ያስመጧቸው መምህራን የግብፅ ቅብጦች ነበሩ። ለአገሩም ለልጆቹም እንግዳ ናቸው። ግን ከጀርባቸው ንጉሠ ነገሥቱ ቆመዋል፤ «ቲቸር፣ አሁን ስፖርት ነው» ብሎ የሞከራቸው ልጅ ያለ አይመስለኝም። እንግድነት አይደለም እንግዲህ የሚያዋርደው። ስለዚህ ዩኒት ሊደሮች ሆይ፣ ሌላ ሥልጠና አልጠይቃችሁም፤ በሩ ላይ ቆማችሁ «የዛሬው የአማርኛ መምህራችሁ እሳቸው ናቸው» በሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ በጀት አትጠይቅም።

ሥልጠና ስል ትዝ አለኝ። መምህሩ የቀረው ታሞ ከሆነ ምሕረት ያውርድለት፤ ለቅሶ ከሆነም ነፍስ ይማር። አንዳንዴ ግን ሦስት አራት መምህር ከየክፍሉ ተለቅሞ፣ በትምህርት ቀን፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «ተማሪን ማዕከል ያደረገ የማስተማር ሥነ ዘዴ» ይሠለጥናል። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ያበራውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነብላቸዋል፤ ሻይ ዕረፍት ይሆናል፤ ተመልሶ ያነብላቸዋል፤ አበል ይፈረማል። ተማሪው በዚያች ሰዓት በእርግጥም ማዕከል ላይ ነው፤ ክፍሉ መሐል ብቻውን ቁጭ ብሏል። ይህን ያቀደ ሰው የቀን መቁጠሪያ የለውም? ቅዳሜ የሚባል ቀን አልሰማም? ክረምቱን ሁለት ወር የት ነበር?

የታችኛው ክፍል ችግር ደግሞ ከላይኛው ይብሳል። ሰባተኛ ክፍል ላይ የሒሳብ መምህር ቢቀር የቀረው ሒሳብ ነው። እዚህ ግን አንዱ መምህር አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም፣ ግብረ ገቡንም ስለሚይዝ እሱ ሲቀር ቀኑ እንዳለ ይቀራል። በየ40 ደቂቃው አዲስ ፊት ይገባል፣ ሁሉም «ምን ላይ ደርሳችኋል?» ይላል፣ ሁሉም የመሰለውን ገጽ ይገልጣል። አራተኛው ሰው ሲገባ ልጆቹ ራሳቸው መልሱን በኅብረት ይሉታል።

የወሩ ሪፖርት ላይ ግን ሁሉ ነገር ሰላም ነው። «የባከነ ክፍለ ጊዜ» የሚል ዓምድ አለ፤ እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ በመቆሜ ብቻ ከዚያ ዓምድ ወጥቶ «የተሸፈነ» ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ቢደንሱም ተሸፍኗል። እኔ ቆሜ ባንቀላፋም ተሸፍኗል። ወረዳው ይደሰታል፣ ክፍለ ከተማው ይደሰታል። ማታ እናትየው ደብተሩን ስትገልጥ ግን የዛሬው ቀን የለም፤ ከማክሰኞ ቀጥሎ ሐሙስ ሊሆን ነው። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስትለው «ቁጭ አልን» ይላታል። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ለአንድ ልጅ 40 ደቂቃ ቁጭ በል ማለት ቅጣት ነው፤ ምን አጠፋ? የቀረው እሱ አይደለም!

በሉ ምክሩን ልጨርስ፤ ደወሉ ደርሷል። አዲስ ምዕራፍ አትጀምሩ፤ መምህሩ ሲመለስ በሌላ መንገድ ያስተምርና ልጆቹ መሐል ላይ ይቀራሉ። የተማሩትን አስደግሟቸው፤ ለምሳሌ ቤተሰባቸው ሱቅ ልኳቸው መልስ እንዲያመጡ አድርጋችሁ መቀነስን አሠሯቸው፤ የሱቅ ሒሳብ የማይገባው የሁለተኛ ክፍል ልጅ የለም። «ለመምህራችሁ እነግራለሁ» አትበሉ፤ እንዲያ ያላችሁ ዕለት ሥልጣኑ የእናንተ እንዳልሆነ በአፋችሁ መሰከራችሁ። ሁሉም ነገር ከእጃችሁ ሲያመልጥ ደግሞ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ተረት ተረት» በሉ። ከኋላ ወንበር ላይ የሚታገሉት ሁለቱ ሳይቀሩ እጃቸውን ለቀው «የላም በረት!» ይላሉ። ጦጣም ይሁን ጅብ፣ አያታችሁ የነገሯችሁን ጀምሩና የሚያጓጓው ቦታ ላይ አቁማችሁ መጨረሻውን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ወይም ሥለው እንዲጨርሱት አድርጉ። ለዚህ መጽሐፍም ቾክም አያስፈልግም። እግረ መንገዳችሁን ቀኑን እንዲጽፉበት አትርሱ፤ እናትየው ታየዋለች።

ስትወጡ ለመምህሩ አጭር ማስታወሻ ተዉለት፤ ይህን ሠራን፣ እገሊት ራሷን አሟት ነበር፣ ይኼ ልጅ ማንበብ ከብዶታል ብላችሁ። ለአለቃው እንዳትሰጡት፤ ይሸጠዋል። የሚቀጥለው መምህር ሳይገባ ክፍሉን ባዶ ጥላችሁ አትሂዱ። ከዚያ በኋላ ግን ፈጠን በሉ። ዩኒት ሊደሯ መዝገቧን ብብቷ ሥር አድርጋ በዚህኛው ደረጃ እየወጣች ስለሆነ እናንተ በወዲያኛው ውረዱ። የስፖርት መምህሩን መንገድ ላይ ካገኛችሁት የት እንደሚደበቅ ጠይቁልኝ።