ከሔለና እስከ ደብረ ማርቆስ፦ የጭስ ሕግና የጥናት ቁጥር

በውጭው ዓለም ምክር ቤቶች ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ስለሚከለክል ሕግ ሲከራከሩ ሁሉም ጥናት ይጠቅሳል፤ የሚመርጠው ግን የሚመቸውን ነው። በአሜሪካዋ ትንሽ ከተማ በሔለና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ሕጉ በሠራባቸው 6 ወራት በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የሚገባው ሰው 40 በመቶ ቀነሰ ተባለ። ደጋፊዎች ይህን ይዘው ዞሩ። ሲፈታ ግን ከ40 ሰው ወደ 24 መውረድ ነው። ጥቂት ሕመምተኞች ቢጨመሩ ወይም ቢጎድሉ መቶኛው ይናወጣል።

የስኮትላንዱ ጥናት የበለጠ ያሳምናል። በ9 ሆስፒታሎች፣ ከሕጉ በፊትና በኋላ ተመሳሳይ 10 ወራትን አነጻጽሮ 17 በመቶ ቅናሽ አገኘ፤ ሕጉ ገና ባልደረሰባት እንግሊዝ በዚያው ጊዜ የቀነሰው 4 በመቶ ብቻ ነበር። ከቅናሹም 67 በመቶው ሲጋራ የማያጨሱ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ በተራዋ ስታውጅ ቅናሹ 2.4 በመቶ ሆነ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቀድመው ማጨስን ከልክለው ነበርና። ትንሽ ቢመስልም በዓመት 1,200 ያህል ሕመምተኛ ማለት ነው።

ተቃዋሚዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2003ቱን የካሊፎርኒያ ጥናት ያነሣሉ፤ አጫሽ የትዳር ጓደኛ ጉልህ ጉዳት አላመጣም የሚለውን። ከወጪው ከፊሉን የሸፈነው የትምባሆ ኢንዱስትሪ ነው። ከዚህም የከፋ ጉድለት አለበት፦ በ1960ዎቹ ቤቱ አጫሽ የሌለበት ሰውም በሥራ ቦታው ጭስ ይተነፍስ ስለነበር፣ «ያልተጋለጠ» ተብሎ ለንጽጽር የተቀመጠው ሰው ራሱ የተጋለጠ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ፣ ከበርና ከመስኮትም በ10 ሜትር ክልል ማጨስን ይከለክላል። ጎጃም ላይ «እኛ ዘንድ የሚያጨስ ጥቂት ነው» የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት መልስ አለው፦ የሚያጨሰው አዋቂ 3.7 በመቶ ሲሆን፣ መጠጥ ቤትና ጭፈራ ቤት ከገቡት ግን 60.4 በመቶው ለጭስ ተጋልጠዋል። የአስተናጋጇን ሳንባ የሚጎዳው ይኼኛው ቁጥር ነው፤ በወረዳ ምክር ቤት መጠቀስ ያለበትም እርሱ ነው።

ከዚያ በላይ የሚያሳምነው የራስ ከተማ ልኬት ነው። በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ሆቴሎች የብናኝ መለኪያ (በአየር ውስጥ ያለውን ደቃቅ የጭስና የአቧራ ቅንጣት የሚለካ መሣሪያ) ይዞ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት ቡናውን ያስብ፤ ዕጣንና ከሰል መለኪያውን ከሲጋራ እኩል ያንሩታል። ስለዚህ ቡና ከመፈላቱ በፊት ይለካ፤ ከተቻለም ኒኮቲን የሚይዝ ማጣሪያ ግድግዳ ላይ ለሳምንት ይሰቀል፤ ኒኮቲን ከዕጣን አይወጣምና። የውጭው አየርም በዚያው ሰዓት ይለካ፤ አለበለዚያ የመንገዱ አቧራ በሲጋራ ስም ይቆጠራል፤ ተከራካሪውም ሪፖርቱን በዚያች አንዲት ጉድለት ይጥለዋል።