በረዶ የሠራችው አይጥ ያጣላችን ቅዳሜ

ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ቁጭ እንዳልን አንዱ ወዳጃችን አሜሪካ ያለው የእህቱ ልጅ የላከለትን ቪዲዮ አሳየን። ልጁ ቤቱ ውስጥ ዘንዶ ያሳድጋል፣ ቦል ፓይተን የሚሉትን፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለለውን የምዕራብ አፍሪካውን። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ያወረዳትን አይጥ ከነላስቲኳ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፋት፣ ከዛ አውጥቶ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ፊቱ ወዝወዝ ሲያደርጋት ዘንዶው ምላሱን ላፍ ላፍ አደረገና ቀለባት፣ ተጠመጠመባት፣ በቃ።

ይሄኔ አንዱ ከት ብሎ ሳቀና «ይሄማ ጥንብ በል ጅብ ነው እንጅ ዘንዶ አይደለም፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ አውሬ አድኖ ነው የሚበላው» አለ። ይሄ ሰውዬ አምና ክረምት ግቢው እባብ ቢገባበት አልጋ ላይ ወጥቶ ጎረቤት የጠራ ነው።

ባለ ቪዲዮው ታግሶ አስረዳው። በሕይወት ያለች አይጥ ጠባብ ሳጥን ውስጥ መሸሻ ስታጣ ትናከሳለች፣ ዘንዶው ካልራበው ደግሞ ዝም ብሎ ስለሚተኛ ቆዳውን ትቆረጥመዋለች። የልጁ ጓደኛ የሚያሳድገውን ዘንዶ ፎቶ አሳየን፣ ጀርባው ላይ ጣት የሚያህል ቦታ ቅርፊቱ ተልጦ ሮዝ ሥጋው ይታያል። ሰውዬው አሁንም «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ!» እኔም አላስቻለኝም፣ «ታዲያ አይጧስ አመሏን ትርሳልህ እንዴ ወንድሜ?» አልኩት።

መልስ ሲያጣ ወደ በሽታ ዞረ፣ «ፍሪዘር የገባ ነገር መርዝ ነው» አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው፣ በረዶ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ አይገድለውም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በፍሪዘር አይጥ ሰበብ የታመሙ ሰዎች ነበሩ። ግን በሕይወት ያለችውም ትይዘዋለች! መፍትሔው እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሰው በሚበላበት ዕቃ አለመንከር፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አለመክተት ነው (ውጭው ሲበስል ውስጡ በረዶ ይቀራል፣ ሊፈነዳም ይችላል)፣ አንዴ በረዶው የለቀቃትን ደግሞ መልሶ ፍሪዘር አለመክተት። እኛ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሥጋችን ስንቴ ለቆ ስንቴ እንደሚረጋ ማን ቆጥሮት ያውቃል?

በመጨረሻ የልቡን አወጣው፣ «በሕይወት ያለችው እኮ ለማየት ደስ ትላለች» አለ። እኔን ያቃጠለኝ ይቺ ናት። ለካ ክርክሩ ሁሉ ስለ ዘንዶው አልነበረም፣ ስትጮህ ለማየት ነው። ዘመኑ እንዲህ ሆነ፣ የሌላው ጭንቅ መዝናኛ ሆነና ልጆቻችን ውሻ በድንጋይ ሲቀጠቅጡ ትልቁ ሰው ሃይ በማለት ፈንታ ስልኩን ያወጣል። በቀደም አዘዞ መንገድ ላይ ሲሚንቶ የጫነ የጋሪ ፈረስ ወድቆ ሲንፈራገጥ ቢያንስ አስር ሰው ይቀርፅ ነበር፣ ጠፍሩን ሊፈቱ ጎንበስ ያሉት ዘንቢላቸውን መሬት ያስቀመጡ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ድመት መንኩሳ ባዩ ወዳጃችን ያንንም ቪዲዮ ስልኩ ላይ ይዞታል፣ ቡናው ሳያልቅ ከፍቶ አሳየን።