የሩጫ ደስታና የጫት ምርቃና

ወጣቶችን ከሱስ ለመታደግ በሚዘጋጁ መድረኮች ላይ «ጫቱን ተውና ሩጥ፤ ሩጫም የራሱ ምርቃና አለው» የሚል ምክር በተደጋጋሚ ይሰነዘራል። ምክሩ መሠረተ ቢስ ባይሆንም ሁለቱን ስሜቶች በቅጡ ስለማያነጻጽር ቃሚውን ያሳምነዋል ብዬ አላምንም።

በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ከደስታና ከተነሳሽነት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይህ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው ከአወዳይ የሚጫነው ጫት እንዲያ በጥድፊያ የሚጓጓዘው። የሯጩ ደስታ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሰውነት የሚያመነጨው ሕመም አስታጋሽ፣ የኢንዶርፊን ሥራ ነው ሲባል ቢኖርም፣ በደም ውስጥ ያለው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ ስለማይዘልቅ፣ ተመራማሪዎች ዛሬ ይበልጥ የሚያተኩሩት በመካከለኛ ፍጥነት ረዘም ላለ ጊዜ ሲሮጥ በሚጨምረው፣ ሰውነት ራሱ በሚሠራው አናንዳሚድ በተባለ ንጥረ ነገር ላይ ነው። አናንዳሚድ የሚያርፈው የካናቢስ (የሐሺሽ) ንጥረ ነገር በሚያርፍበት የአንጎል ተቀባይ ላይ በመሆኑ፣ አንዱን «ተፈጥሯዊ» ሌላውን «ኬሚካል» ብሎ መለየት ብዙ አያስኬድም።

ልዩነቱ ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው። የእንጦጦን ዳገት የሚሮጥ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ይከፍላል፤ እግሩ ሲዝል ይቆማል፤ አናንዳሚዱንም ሰውነቱ ወዲያው ያፈራርሰዋል። ቃሚው ግን ደስታውን በብድር ይወስዳል። በምርቃና ሰዓት የማይሠራ ፎቅ፣ የማይከፈት ድርጅት የለም፤ ማታ ግን እንቅልፍ ይጠፋል፣ አንዳንዱም ምርቃናውን ለመስበር ወደ ጨብሲ፣ ማለትም ወደ መጠጥ፣ ይሄዳል፣ በማግስቱ ድብርቱና ሐራራው ይከተላሉ። በሌላ በኩል ጀማሪ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ቁርጥማትና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን የሚነግረው መካሪ ግን እምብዛም አይገኝም።

ከኬሚካሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ሩጫ የንጋት ነው፤ በርጫ ደግሞ ከምሳ በኋላ፣ ሥራ የሌለው ወጣት የሚውልበት ባጣበት ሰዓት፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ጨዋታው ደርቶ የሚጠብቅ ማኅበር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሱሉልታ ሜዳ የሮጠ ልጅ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከጓደኞቹ ጋር እንዳይቅም የሚከለክለው ነገር የለም። መካሪዎቹ ጫትን የሚተካ ነገር ማቅረብ ከፈለጉ፣ በየሰፈሩ ከቀትር በኋላ በነጻ የሚገባበት የኳስ ሜዳ ወይም ከሰዓት የሚያውል ሥራ ስለማዘጋጀት ከወረዳው ጋር ቢነጋገሩ ይሻላል።