ሂትክሊፍን ያነጣው ፊልም

እ.ኤ.አ. በ2026 ለዕይታ የበቃው የዳይሬክተር ኤመራልድ ፌኔል ፊልም «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ገና ሳይወጣ ነበር ያከራከረው። የታሪኩን ዋና ገጸ ባሕርይ ሂትክሊፍን የሚጫወተው ነጩ አውስትራሊያዊ ጄኮብ ኤሎርዲ ነው። «ልብ ወለድ አይደል እንዴ፤ ማንም ቢጫወተው ምን ይጎድላል?» የሚሉ አሉ። እኔ ብዙ ይጎድላል ባይ ነኝ።

ፊልሙ በተመሠረተበት፣ ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው ልብ ወለድ የዮርክሻየሩ ባለርስት ኧርንሾ ከሊቨርፑል በእግሩ ተጉዞ ሲመለስ ከካፖርቱ ውስጥ ቡትቶ የለበሰ፣ ንግግሩ ለማንም የማይገባ ጠቆር ያለ ሕፃን ያወጣል፤ ሂትክሊፍ እሱ ነው። አንዱ ጂፕሲ ይለዋል፣ ሌላው ከህንድ መርከበኞች ወገን ያደርገዋል። ደራሲዋ ዘሩን ቁርጥ አድርጋ አልነገረችንም፤ መልኩ ከቤቱ ልጆች የተለየ እንደሆነ ግን ደጋግማ ነግራናለች። ሊቨርፑልም ታሪኩ በሚጀምርበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የባሪያ ንግድ ዋና ወደብ ነበረች።

ከሁሉም የማይረሳኝ መስታወት ፊት የሚቆምበት ቦታ ነው። ልጁ እንደ ባለጸጋው የጎረቤት ልጅ እንደ ኤድጋር ሊንተን ነጣ ያለ ጸጉርና ነጭ ቆዳ ይመኛል። የቤት ሠራተኛዋ ኔሊ ታጽናናዋለች፤ ማን ያውቃል፣ አባትህ የቻይና ንጉሠ ነገሥት፣ እናትህ የህንድ ንግሥት ይሆናሉ ትለዋለች። ይህን ልጅ ነጭ ስናደርገው ምኞቱም ማጽናኛዋም ትርጉም ያጣሉ።

ፊልሙ ብዝኃነት የለውም ማለት ግን አይቻልም። ኤድጋርን የሚጫወተው የፓኪስታን የዘር ሐረግ ያለው ሻዛድ ላቲፍ ነው፤ ኔሊን ደግሞ ከቬትናማውያን የተወለደችው ሆንግ ቻው። ሁለቱም ጎበዝ ተዋንያን ናቸው። ሆኖም በነጭነቱ የሚቀናበት ሰው ጠይም፣ በጥቁረቱ የሚገፋው ደግሞ ነጭ ሆኗል። ፖስተሩ ላይ የመልኩ ዓይነት በዛ፣ የታሪኩ ቁስል ግን ጠፋ።

«ያኔ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ጥቁር ማን ነበር?» ለሚሉም መልስ አለ። ጥቁሯ ዳይዶ ቤል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከለንደን ወጣ ብሎ በነበረው ኬንውድ፣ በዳኛው ሎርድ ማንስፊልድ ቤት ነው ያደገችው። የእኛው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከመቅደላ በ7 ዓመቱ ተወስዶ፣ በ1879 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ያረፈው እዚያው ዮርክሻየር፣ ሊድስ ነው። ወላጅ አልባ ጥቁር ልጅ በእንግሊዝ ቤት ውስጥ ማደጉ ለእኛ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም።

ፌኔል ኤሎርዲን መጀመሪያ ባነበበችው ቅጂ ላይ ካየችው የሂትክሊፍ ሥዕል ጋር ቁርጥ አንድ እንደሆነባት ተናግራለች። የልጅነት ትዝታዋን አከብራለሁ። ግን አንድሪያ አርኖልድ በ2011 ይህንኑ ታሪክ ስትሠራ ሂትክሊፍን ለሁለት ጥቁር ተዋንያን ሰጥታው ነበር፤ ልጅነቱን ለሰለሞን ግሌቭ፣ ጉልምስናውን ለጀምስ ሃውሰን። በሂትክሊፍ ላይ የሚወርደው ስድብና ዱላ ከየት እንደመጣ ለተመልካች ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሃውሰን የሊድስ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበር። ተዋናይ ጠፋ ማለት አይቻልም።