መኪናዬ ላይ የተገጠመው መጎተቻ ዊንች ተበላሽቶ በዋስትናው ስጠይቅ ሻጩ "ውሃ ገብቶበታል" ይለኛል። "ውሃ ገብቶበታል" ምን ማለት ነው?

ዊንች የሚገዛው እኮ ለጭቃና ለውሃ ነው! እዚህ ጅማ ክረምት ከገባ፣ በጌራ በኩል መኪና ጭቃ ሲውጠው ጎትቶ የሚያወጣው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ አይፒ 67 ይላል። ማለትም 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ እንኳ የሚጎዳው ውሃ አይገባበትም። የኔው ግን ጉልበት የማይደርስ ጅረት ተሻግሮ ቀጥ አለ። መካኒኩ ሲፈታው ሞተሩ ውስጥ ውሃ ተኝቷል፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈው የካርቦኑ ሞላ ዝጓል። ሻጩ "ውሃ የገባበትን ዋስትናው አይሸፍንም" አለኝ። እንዴ! የገባው እኮ የናንተ ውሃ መከላከያ ጎሚኒ ስላልያዘ ነው! ጭራሽ ለምርመራ አዲስ አበባ ድረስ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በራስህ ወጪ ላክ ይለኛል። ውሃ የማይችል ከሆነ ካርቶኑ ላይ ለምን ጻፋችሁት? በጣም ነው ያናደደኝ!